ከመጉረስ በፊት የሚደርስ ቁጥር፦ የምግብ መመዝገቢያ አፕ በሰዓቱ እንዲናገር ማድረግ

ብዙ ሰው የምግብ መመዝገቢያ አፑን የሚከፍተው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ነው። ጠዋት ምን በላሁ፣ ምሳ ላይስ ምን ያህል ነበር እያለ ያስገባል፤ አፑም ደምሮ «ዛሬ ከገደብዎ 400 ካሎሪ አልፈዋል» ይለዋል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምግቡ ተበልቶ አልቋል፤ የሚስተካከል ነገር የለም። ያንኑ ቁጥር እራት ከመቅረቡ በፊት ቢያየው ኖሮ ዘይቱን ቀነስ፣ አትክልቱን ጨመር ያደርግ ነበር። የእነዚህ አፖች ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫው ገና በእጅ እያለ መልስ መስጠታቸው። ይህ ግን በራሱ አይመጣም። አፑ በሰዓቱ እንዲናገርና የሚናገረውም እውነት እንዲሆን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ትዝታ ለምን አይበቃም

እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ አንድ ጥናት «ትንሽ ነው የምንበላው፣ ክብደታችን ግን አልቀንስ አለ» የሚሉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የበሉትን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ የአካል እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አብዝተው ሲናገሩ ተገኙ። ይህን ውሸት ማለት ተገቢ አይደለም። ሰው የሚያስታውሰው ገበታ ላይ የቀረበለትን ነው። ሲያበስል የቀመሰው፣ መጥበሻው ላይ ያፈሰሰው ዘይት፣ ልጁ ያስተረፈው ሁለት ጉርሻ፣ ከመጠጥ ጋር የገባው ስኳር ከሰዓታት በኋላ ከአእምሮ ይጠፋል። በየሰዓቱ የተመዘገበ ቀን እና ማታ የተጻፈ ቀን፣ ያው ሰው ያንኑ ምግብ በልቶ እንኳ፣ ሁለት የተለያየ ድምር ይሰጣሉ።

መመዝገቡ ራሱ እንደሚጠቅም ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት የሚበሉትን በየቀኑ የሚመዘግቡት ጨርሶ ካልመዘገቡት እጥፍ ያህል ክብደት እንደቀነሱ አሳይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 502 አዋቂዎችን የያዘ ሙከራ ልብ ሊባል ይገባል። ሁሉም በስልክ ይመዘግቡ ነበር፤ ግማሾቹ በዚያ ላይ በየቀኑ በመረጃቸው ላይ የተመሠረተ የምክር መልእክት ይደርሳቸው ነበር። በክብደት ረገድ መልእክቱ የደረሳቸው ካልደረሳቸው አልበለጡም። በእኛ ግምት ትምህርቱ ይህ ነው፦ «በርቱ፣ አትክልት ይጨምሩ» የሚል ኖቲፊኬሽን በዛ ማለት ግብረ መልስ በዛ ማለት አይደለም። ግብረ መልስ የሚባለው እጅዎ አሁን ሊያደርገው ካለው ነገር ጋር የተያያዘው ቁጥር ነው፤ ይህን ማንኪያ ዘይት ልጨምር ወይስ ይብቃኝ ለሚለው መልስ የሚሰጠው።

ከመጀመሪያው ምግብ በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች

መጀመሪያ የመለኪያ አሃዱን ይመልከቱ። በዕለት ንግግር «ካሎሪ» የምንለው ኪሎ ካሎሪን ነው፤ አንዳንድ አፖችና የምግብ መለያዎች ግን በኪሎ ጁል ይጽፋሉ። 1 ኪሎ ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ነው። አንድ እንቁላል 300 ካሎሪ ሆኖ ከመጣልዎ ጥፋቱ ከእንቁላሉ ሳይሆን ከአሃዱ ነው።

ቀጥሎ የቀኑ ገደብ። ብዙዎቹ አፖች የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የሚፍሊን እና ሴንት ጆር ቀመር ነው፦ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5፤ ከዚያ ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። 70 ኪሎ የምትመዝን፣ 165 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላት የ35 ዓመት ሴት 1,395 ካሎሪ ገደማ ይወጣላታል። ይህ አካሏ ዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ነው። አፑ ይህንን በእንቅስቃሴ ደረጃ ያባዛዋል። «ቀላል እንቅስቃሴ» ብትመርጥ በ1.375 ተባዝቶ 1,918 ይሆናል፤ «መካከለኛ» ብትመርጥ በ1.55 ተባዝቶ 2,162። በአንድ መንካት የ244 ካሎሪ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ቀኑን ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ስፖርት ቢሠሩም እንኳ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ ይምረጡ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ስህተት በጣም ይደጋገማል። አፑ ከእጅ ሰዓት ጋር ሲገናኝ «በእግር ጉዞ 320 ካሎሪ አቃጥለዋል» ብሎ የቀኑን ገደብ ከፍ ያደርገዋል። እንቅስቃሴው ገደቡ ሲሰላ አንዴ ተቆጥሯል፤ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ተቆጠረ። በዚያ ላይ ቁጥሩ ራሱ አይታመንም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ሲፈትኑ የልብ ምት ላይ አብዛኞቹ ደህና ነበሩ፤ የተቃጠለ ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል። ስለዚህ በሴቲንግ ውስጥ «የስፖርት ካሎሪን ወደ ገደቡ ጨምር» የሚለውን ያጥፉት። ወዲያው የሚመጣ የተሳሳተ መልስ ዘግይቶ ከሚመጣ ትክክለኛ መልስ የከፋ ነው፤ አምነው ይበሉበታልና።

በዋናው ገጽ ላይ «የተበላ» ሳይሆን «የቀረ» የሚለው ቁጥር እንዲታይ ያድርጉ። ከካሎሪ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፤ ለአብዛኛው ሰው ፕሮቲን ወይም ፋይበር ይበቃል። አሥራ ሁለት ክብ ሥዕሎች ያሉት ገጽ ምንም አይናገርም። ስልክዎ የፊት ገጹ ላይ ዊጄት (አፑን ሳይከፍቱ ቁጥሩን የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን) የሚያስቀምጥ ከሆነ «የቀረ» የሚለውን እዚያ ያውጡት። ማታ 3 ሰዓት ላይ «ዛሬ አልመዘገቡም» የሚለውን ማስታወሻ ያጥፉና በምትኩ ከምሳና ከእራት 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚጮህ ያድርጉ። ምግቡ ገና ምድጃ ላይ ያለበት ሰዓት ነው የሚፈለገው።

ሚዛኑ፣ ሳህኑና ስልኩ

የሚያስፈልገው አንድ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ነው፤ እስከ 5 ኪሎ የሚይዝ፣ በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብና ወደ ዜሮ መመለሻ ቁልፍ ያለው። ሲኒና ማንኪያ ለፈሳሽ ይሠራሉ፤ ለደረቅ ነገር ግን ጠቅጥቆ በመሙላትና በልል በመሙላት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ባዶውን ሳህን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ዜሮ ያድርጉት። የተቀቀለ ሩዝ ይጨምሩ፤ 180 ግራም አነበበ እንበል። አፑ ላይ «ሩዝ፣ ነጭ፣ የተቀቀለ» ብለው 180 ሲጽፉ 234 ካሎሪ ገደማ ያሳያል። እንደገና ዜሮ ያድርጉና ሁለት የተላጡ የተቀቀሉ እንቁላሎች ያክሉ፤ 100 ግራም፣ 155 ካሎሪ፣ ወደ 13 ግራም ፕሮቲን። አሁን ዘይቱ። ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አቁመው ዜሮ ያድርጉ፣ አንስተው ያፍስሱ፣ መልሰው ያስቀምጡት። ሚዛኑ ከዜሮ በታች 14 ካለ የፈሰሰው 14 ግራም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከ120 ካሎሪ በላይ። ይህ ዘዴ ለማር፣ ለቅቤና ለለውዝ ቅቤ ማሰሮም ይሠራል፤ ማንኪያው ላይ የተጣበቀውን ሳይቀር ይቆጥራል።

ልብ ይበሉ፣ እዚህ ድረስ ማንም አልበላም። «የቀረ» የሚለው ቁጥር ግን ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ እያንዳንዱም ለውጥ የመጣው እጅዎ ካደረገው ነገር በሰከንዶች ውስጥ ነው። ዘይቱ ብቻውን ሩዙ ከሰጠው ካሎሪ ግማሽ በላይ እንደያዘ በዓይንዎ አዩ። ይህን ሦስት አራት ቀን ያየ ሰው ጠርሙሱን የሚያዘነብልበት እጅ ይለወጣል፤ ማንም ሳይመክረው።

ውጭ የሚበሉ ከሆነ ሚዛን አይኖርም። ከማዘዝዎ በፊት አፑ ላይ ሁለት አማራጮችን ፈልገው ያነጻጽሩ፣ ያዘዙትን ከመምጣቱ በፊት ያስገቡና በላዩ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት፤ ምግብ ቤት ውስጥ ዘይትና ቅቤ በልግስና ስለሚገባ ግምቱ ወደ እውነት ይጠጋል።

ቁጥሩ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ጥሬና የበሰለ ማደባለቅ ነው። 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 360 ካሎሪ ያህል አለው፤ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 130 ብቻ ነው። ጥሬውን መዝነው «የበሰለ» የሚለውን ከመረጡ ከካሎሪው ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ይጠፋል። ፓስታና ጥራጥሬም እንደዚሁ። ሥጋ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ይለቃል፤ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ሲበስል 75 ግራም አካባቢ ሊሆን ስለሚችል የበሰለውን መዝኖ «ጥሬ» ብሎ መመዝገብ አሳንሶ መመዝገብ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ የመዘኑበት ሁኔታና የመረጡት ስም አንድ ይሁኑ።

ሁለተኛው ችግር አፑ የምግቦቹን ቁጥር የሚያመጣበት ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ነው። ባርኮድ ስካን አድርጎ በሁለት ሰከንድ መልስ ማግኘት ደስ ይላል፤ ግን ያንን መረጃ ማን አስገባው? እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተጀመረው እንደ ኦፕን ፉድ ፋክትስ ያሉ የመረጃ ቋቶች በተጠቃሚዎች የሚሞሉ ናቸው፤ ብዛታቸው ጥቅም ነው፣ ስህተትም ይገባባቸዋል። ላልታሸገ ምግብ፣ ለፍራፍሬ፣ ለጥራጥሬ፣ ለሥጋ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፉድ ዳታ ሴንትራል ላይ የተመሠረተውን መረጃ ይምረጡ፤ ብዙ አፖች ከጎኑ ምልክት ያደርጉበታል።

የተጠራጠሩትን በራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ፕሮቲን በግራም 4፣ ካርቦሃይድሬት 4፣ ቅባት 9፣ አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል። አፑ «10 ግራም ፕሮቲን፣ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 8 ግራም ቅባት፣ 120 ካሎሪ» ካለዎት ያስሉት፦ 40 ሲደመር 80 ሲደመር 72፣ ድምሩ 192 ነው። መረጃው ስህተት አለበት፣ ይተዉት። የ10 እና የ15 ካሎሪ ልዩነት ግን አያሳስብዎ፤ ፋይበር በግራም 2 ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ አምራቾችም ቁጥር ስለሚያጠጋጉ ትንሽ መዛነፍ የተለመደ ነው። በአሜሪካ ደንብ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ካሎሪ እውነተኛው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ እንኳ ይፈቀዳል።

ሶዲየም ላይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ሶዲየም ነው፤ ይህም ከ5 ግራም በታች ጨው ማለት ነው። አፑ ከገደቡ በታች ነዎት ብሎ አረንጓዴ ካሳየዎት መጀመሪያ ይጠይቁ፦ ድስቱ ውስጥ የጨመርኩትን ጨው መዝግቤያለሁ? 1 ግራም ጨው 400 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው። ጨው ካልተመዘገበ አረንጓዴው ቀለም ባዶ ማጽናኛ ነው፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ።

ፎቶ አንስቶ ካሎሪ የሚገምት አፕ የምግቡን ዓይነት በመለየት ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ሥዕል ግን ክብደት የለውም። ሳህኑ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው፣ ከላይ ካለው አትክልት በታች ምን እንደተቀበረ፣ ምግቡ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደጠጣ አይታይም። ፎቶውን ስሙን እንዲያወጣልዎ ይጠቀሙበት፤ ግራሙን በሚዛን ያርሙት።

የድስት ምግብ

ለብዙ ሰው የሚበስል ምግብ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ መመዝገብ የሚያቆመው። በአንድ ጊዜ ሥራ ግን ለቀናት የሚሆን ፈጣን መልስ ይገኛል።

1. ባዶውን ድስት መዝነው ክብደቱን ስልክዎ ላይ ይጻፉ። 1,150 ግራም ነው እንበል። የድስቱ ክብደት ስለማይለወጥ ይህን ሁለተኛ አይደግሙትም።
2. አፑ ላይ «የምግብ አሠራር» የሚለውን ከፍተው ወደ ድስቱ የሚገባውን ሁሉ ጥሬ እያለ መዝነው ያስገቡ፦ 400 ግራም ደረቅ ምስር፣ 300 ግራም ሽንኩርት፣ 200 ግራም ቲማቲም፣ 45 ግራም ዘይት። ድምሩ 1,960 ካሎሪ አካባቢ ይመጣል።
3. ሲበስል ከነድስቱ ይመዝኑት። 3,110 ካነበበ ከዚያ 1,150 ሲቀነስ ምግቡ 1,960 ግራም ነው።
4. «ለስንት ሰው» ወይም «ስንት ድርሻ» የሚለው ቦታ ላይ 4 ወይም 6 ብለው አይጻፉ። 1,960 ብለው ይጻፉ። አሁን አንድ ድርሻ ማለት አንድ ግራም ማለት ሆነ።

ከዚህ በኋላ 350 ግራም የጨለፈ ሰው 350 ድርሻ ብሎ ይጽፋል፤ ወዲያው 350 ካሎሪ ይወጣል። በዚህ ምሳሌ ግራሙና ካሎሪው እኩል መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ዘዴው ግን ለማንኛውም ድስት ይሠራል። በሚቀጥለው ጊዜ ዘይቱን 45 ሳይሆን 30 ግራም ካደረጉ አሠራሩን ከፍተው ያችን አንድ ቁጥር ብቻ ይለውጡና የበሰለውን እንደገና ይመዝኑ፤ ብዙ ውሃ ከተነነ የግራሙ ካሎሪ ከፍ ይላል።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ቀኑ በመመዝገብ ሊያልቅ ነው ብሎ ይሰጋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ የ24 ሳምንት ጥናት ላይ ተሳታፊዎቹ በመጀመሪያው ወር በቀን በአማካይ 23.2 ደቂቃ ለምዝገባ ያውሉ ነበር፤ በስድስተኛው ወር 14.6 ደቂቃ ብቻ። ይበልጥ የተሳካላቸው ረጅም ሰዓት የፈጁት ሳይሆኑ በቀን ውስጥ ደጋግመው የመዘገቡት ናቸው። ዘወትር የሚበሉትን ቁርስ እንደ አንድ ምግብ አስቀምጠው በአንድ መንካት ማስገባት ይችላሉ።

መልሱ ከመጣ በኋላ

ከገደብ ማለፍዎን የሚያሳየው ቀይ ቁጥር ሲመጣ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ከመብላትዎ በፊት ከመጣ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ መጀመሪያ የሚታየው ዘይቱና ቅባቱ፣ ቀጥሎ ጣፋጭ መጠጡ፣ ከዚያ የሩዙ ወይም የዳቦው መጠን። ፕሮቲኑና አትክልቱ በመጨረሻ ይነኩ፤ የሚያጠግቡት እነሱ ናቸውና። ከበሉ በኋላ ከመጣ ደግሞ ምንም አያድርጉ። የሚቀጥለውን ምግብ መዝለል ማካካሻ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማታ ላይ ያለ ልክ መብላትን ይወልዳል። መዝግበው ይለፉት፣ የሚቀጥለው ምግብ እንደታቀደው ይሁን።

ሁሉም መልስ ግን በአንድ ፍጥነት አይመጣም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሎሪና ፕሮቲን በየምግቡ ይነበባሉ። የሰውነት ክብደት እንደዚያ አይነበብም። ጨው የበዛበት እራት፣ የወር አበባ ዑደት፣ የሆድ ድርቀት በአንድ ቀን 1 ወይም 2 ኪሎ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን ይባላል፤ እያንዳንዱ ግራሙም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ለዚህ ነው ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በፍጥነት ቀነስኩ የሚለው፣ መልሶ ሲበላም ተመለሰብኝ ብሎ የሚደነግጠው። ጠዋት ከሽንት በኋላ ይመዘኑ፣ የሚያነቡት ግን የ7 ቀን አማካዩን ይሁን።

ከአራት ሳምንት በኋላ የመዘገቡትን የካሎሪ አማካይና የክብደትዎን ለውጥ ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ከላይ የጠቀስናት ሴት በቀን በአማካይ 1,500 ካሎሪ መዝግባ በሳምንት 0.25 ኪሎ ቀነሰች እንበል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሆነ ይህ በቀን የ275 ካሎሪ ጉድለት ነው። ስለዚህ ክብደቷ ሳይጨምርም ሳይቀንስም የሚቆይበት መጠን 1,775 አካባቢ ነው እንጂ ቀመሩ ያለው 1,918 አይደለም። ወይ ሰውነቷ ከቀመሩ ያነሰ ያቃጥላል፣ ወይ ያልተመዘገበ ነገር አለ። የትኛውም ይሁን መፍትሔው አንድ ነው፤ የአፑን ገደብ በእጅ ገብተው ወደ 1,775 መነሻ ያርሙት። ከዚህ በኋላ በየምግቡ የሚያዩት «የቀረ» በራስዎ አካል የተለካ ይሆናል።

ይህ መሣሪያ ለሁሉም አይደለም። ከዚህ በፊት የአመጋገብ ሕመም ያለፈበት ሰው ያለ ባለሙያ ክትትል ካሎሪ መቁጠር የለበትም፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ገደቡን ከሐኪም ጋር ትወስን። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የካርቦሃይድሬት ቁጥሩን ከመድኃኒቱ መጠን ጋር የሚያያይዘው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እንጂ አፑ ስላለው አይሁን። ያልተመዘነ ምግብ መብላት የሚያስፈራዎት ከሆነ፣ ቁጥሩ ስለማይታወቅ ግብዣ የሚቀሩ ከሆነ፣ አፑን ይዝጉትና ሰው ያነጋግሩ።

ሚዛኑን ለዘለዓለም ይዞ መኖርም አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ወር ከሄዱ በኋላ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ግምቱን አፑ ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ይመዝኑ። ልዩነቱ በዚያው ቅጽበት ይታያል፤ ዓይን የሚሠለጥነውም በዚህ ነው። የአንድን ምግብ ግምት አምስት ጊዜ ተከታትለው ከ10 በመቶ ባነሰ ስህተት ካገኙት ያንን ምግብ መመዘን ያቁሙ። አትክልትና ፍራፍሬ ቶሎ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ቲማቲም ላይ 10 ግራም መሳት 2 ካሎሪ ነው። ሩዝና ፓስታ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳሉ። ዘይት፣ ቅቤ፣ ለውዝና አይብ ግን በመጨረሻ ይውጡ፤ ዘይት ላይ ያው 10 ግራም ወደ 90 ካሎሪ ስለሆነ። ገምተው የተዉትንም በወር አንድ ቀን እንደገና መዝነው ይፈትሹት፤ እጅ ቀስ በቀስ መጠን ይጨምራል።